የላጲስ ፍርፋሪ

ትናንት ልጄ የቤት ሥራዋን ስትሠራ የተሳሳተችውን በላጲስ ፈገፈገችና ፍርፋሪውን እፍ ልትል ስትል እጇን ቀጨም አድርጌ ያዝኳት። ደነገጠች። እኔም ደነገጥኩ፤ ምን ብዬ ላስረዳት? የላጲስ ሽታ ሌላውን ሰው ወደ ትምህርት ቤቱ ይመልሰዋል። እኔን ግን ሐይቅ ከተማ፣ ወደ ወልዲያ የሚወስደው መንገድ ዳር፣ በሯ በጥይት ተበሳስቶ ወደቀረች ሱቃችን ነው የሚወስደኝ።

ሱቋ የእኔና የባልንጀራዬ ነበረች። ለውጥ መጣ በተባለ ሰሞን ባለሥልጣናቱ አዳራሽ ሰብስበው "ሥራ ፈጣሪ ሁኑ" እያሉ አጨበጨቡልን። እኛም የዋሆች፣ አምነን ፈጠርን። ጅዳ የነበረችው እህቴ ወደ አገር በሚገባ ሰው ሻንጣ ሁሉ የኮምፒውተር ዕቃ ትልክልን ነበር፤ አንዱን በአባያ ጠቅልላ፣ ሌላውን በሳሙና መሀል ሸጉጣ። ኮምፒውተሯን ራሳችን ቁጭ ብለን ገጣጠምናት። ዲስኳ እንኳ እንደ ድሮዎቹ ከባድ ብረት አልነበረችም፤ ጣት የምታክል ስስ ሰሌዳ ነበረች። እዚያች ላይ የሐይቅን ሰርግ ሁሉ አስቀመጥን፣ የሙስሊሙንም የክርስቲያኑንም። እሱ ይቀርጻል፣ እኔ አቀናብራለሁ። አንድ አመል ነበረው፤ ዕቃ በፈታ ቁጥር ብሎኑን መልሶ ቦታው ላይ ያስራል። ስቀልድበት፣ "ብሎን የጣለ ቤቱንም ይጥላል" ይለኝ ነበር።

ከዚያ እነዚያው አጨብጫቢዎች እርስ በርስ ተጣሉና ጦርነቱ ከወልዲያ በኩል ቁልቁል መጣብን። እኔ እናቴን ይዤ በእግር ወደ ደሴ አቀናሁ። እሱ "ሱቁን ዘጋግቼ እደርስባችኋለሁ፣ አብሽር" አለኝ። አልደረሰብንም። የመኪናው መንገድ ሲዘጋበት በአርዲቦ ሐይቅ በኩል ሊያቋርጥ ብሎ መንገድ ላይ ተመታ። የቀበሩት ገበሬዎች ከአንገቱ ያወረዱትን በቆዳ የተሰፋ ክታብ ለእናቱ አመጡላቸው።

ስንመለስ ሱቁ ተራቁቷል። ስክሪኑን፣ ካሜራውን፣ ወንበሩን ሳይቀር ወስደውታል፤ የኮምፒውተሯን ሳጥን ግን ምን ያደርግልናል ብለው ነው መሰለኝ ረግጠው ትተዋታል። ቤቱ የሽንትና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ይሸታል። የባልንጀራዬ እናት በየቀኑ የአስር ሶላት ሰግደው እየመጡ የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ይቀመጡ ጀመር። ቤታቸው በከባድ መሣሪያ ተመትቶ የልጃቸው ፎቶ አንድ እንኳ አልተረፈላቸውም።

"ፊቱ እየጠፋብኝ ነው" አሉኝ። "እዚች ሳጥን ውስጥ አለ አይደል? አንዴ አሳየኝና ልረፍ።"

መብራት እንደተመለሰ ኮምፒውተሯን መጠገን ጀመርኩ። መጀመሪያ ጭራሽ ትንፍሽ አላለችም፤ ኤሌክትሪክ የሚያድላትን ዕቃ ደሴ ሄጄ በለመንኩት አሮጌ ቀየርኩ። ማራገቢያዋ ዞረ፣ ከጎረቤት የተዋስኩት ስክሪን ግን ጨለማ ነው። ሜሞሪዋን አውጥቼ የምትሰካበትን የወርቅ ጥርሷን በላጲስ ፈገፈግኩ፤ ይህን ዘዴ ያስተማረኝ እሱ ነው። መልሼ ሳስነሳት "ጢጥ" አለች። እናቱ ከጀሪካኑ ብድግ አሉ።

"ተናገረች?"

"ገና ናት እማ፣ ይቀመጡ" አልኳቸው። ስክሪኑ ላይ ነጭ ጽሑፍ ወጣ፤ ዲስክ የለም ይላል። ከፍቼ ባይ የዲስኳ ቦታ ባዶ ነው። ብሎኗ ግን በቦታዋ በደንብ ታስራለች።

ዘራፊ ብሎን አይመልስም። ዲስኳን ያወጣት ባልንጀራዬ ነው፤ እንግዲያው አብራው አፈር ገብታለች። ይሄ ለእናት ይነገራል? "ትንሽ ዕቃ ጎድሏታል" ብቻ ብዬ ሳጥኗን መልሼ ከደንኩ።

በማግስቱ ሲመጡ ክታቡን ከአንገታቸው አወለቁና ሳጥኗ ላይ አኑረው ዱዓ ያዙ፣ ለታመመች ላም እንደሚደረገው። የአስር ፀሐይ በጥይቱ ቀዳዳዎች ገብታ እጃቸው ላይ ነጠብጣብ ሠርታለች። ሳቄ መጣ፤ ወላሂ፣ ያን ሁሉ አይቼ ሳቄ መጣ። ክታቡ ሊንሸራተት ሲል ያዝኩት። አልታጠፍ አለኝ። የተጣጠፈ ወረቀት ሲጫኑት እሺ ይላል፣ ይሄ ግን ግትር ነው። አንድ ጎኑም በቆዳ ሠሪ ክር ሳይሆን የካሜራ ቦርሳችንን በሰፋንበት ጥቁር ክር ነው የተሰፋው።

"እማ፣ ይሄን ልፍታው?"

"ክታብ ይፈታል እንዴ? ምን ነካህ አንተ ልጅ?" አሉና ክታቡን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ኋላ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው "ፍታው" አሉ። "መቼ አዳነውና።"

ዲስኳ ወጣች። የወርቅ ጥርሷ ላይ ቡናማ ነገር ደርቆ ተጋግሯል። ምን እንደሆነ ሁለታችንም አውቀናል። ቡናማው ካልተነሳ ደግሞ አትሠራም። ላጲሱን አነሳሁና የባልንጀራዬን ደም ፈገፈግኩ፤ ሌላ ስም የለውም። እነዚያ አጨብጫቢዎች መጥተው ባዩኝ እያልኩ ነው የፈገፈግኩት። ዛሬም ሳስበው ጥርሴን ያንገጫግጨኛል።

ኮምፒውተሯ ተነሳች። ሰርግ በሰርግ ከፈትኩ። ሙሽራው አለ፣ ሚዜው አለ፣ ጭፈራው አለ፤ እሱ የለም። ቀራጩ እሱ ነበራ! እናቱ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ እያስኬዱ "የቱ ጋ ነው?" ይሉኛል፣ እኔ ቀጣዩን እከፍታለሁ። በመጨረሻ አንድ ሰርግ ላይ፣ ሙሽሮቹ ሐይቁ ዳር ቆመው በሀፍረት ሲያቀረቅሩ፣ ከካሜራው ኋላ ድምፁ መጣ፦

"አብሽሩ፣ ቀና በሉ። እኔን እዩኝ።"

እናቱ አላለቀሱም። ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን ቡናማ የላጲስ ፍርፋሪ በመዳፋቸው ሰበሰቡ። የቀረውንም ጣታቸውን በምራቃቸው እያረጠቡ አንድ በአንድ ለቀሙና በሻሻቸው ጫፍ ቋጠሩት። ቋጠሮውን ደረታቸው ውስጥ ከተው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ።

"በል እስቲ፣ እንደገና አስብለው" አሉኝ።