ሳይሰፋ የቆየው ቁስል

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ሰናይት ቦሌ ሩዋንዳ አካባቢ ካለ ክሊኒክ ደወለችልኝ። ትንሹ ልጇ አንጀቱን ቀዶ ጥገና ተደርጎለት፣ ቆዳውን ሳይሰፉ በፋሻ ሸፍነው ትተውታል። «እትዬ ዓለም፣ እርስዎ ነርስ ነበሩ፤ እንዲህ መተው ይሻላል?» አለችኝ።

በደርግ ጊዜ ቁስል የማጥብ የሃያ ዓመት ወጣት ድሬሰር ነበርኩ። ያኔ ከቦሌ መድኃኔዓለም ወዲያ ማሳ ነው፤ ክረምቱን ጭቃውን እያቋረጥኩ፣ በሶዬን በጠርሙስ ይዤ ወደ ሆስፒታሉ እሄዳለሁ። ወንድሜ ሰሜን ዘምቶ መሞቱ በተነገረን በሳምንቱ ሥራ ገባሁ። አላለቀስኩም። በሶውንም የምጠጣው እንደ መድኃኒት ነበር።

በዚያው ሰሞን ታይፎይድ አንጀታቸውን የበሳቸው ሁለት ልጆች ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው፤ የስድስት ዓመቷ ለምለምና እኩያዋ ዮናስ። ሐኪማችን ወዲያው መስፋትና ክፍት አቆይቶ መስፋት የቱ እንደሚሻል ለማወቅ ልጆቹን በየተራ አንዱን እንዲህ፣ ሌላውን እንዲያ ያደርጉ ነበር። የዮናስን ቆዳ ወዲያው ሰፉት። የለምለምን በፋሻ ሞልተው፣ በአምስተኛው ቀን ሊሰፉት ክፍት ተዉት። ውጤቱን ደብተር ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ።

የለምለም እናት ወይዘሮ ጽጌ መጡብኝ። «የሱ ሲሰፋ የኔ ልጅ ምን በድላ ነው ክፍት የምትቀረው?»

«ለእሷ ይሻላል ብለው ነው» አልኳቸው። አላውቅም ነበር። ዝም እንዲሉልኝ ብዬ ነው።

በአራተኛው ቀን ዮናስን አተኮሰው። ሐኪሙ ክሩን ሲቆርጡት መግል ፈሰሰ። የለምለም ቁስል ግን ንጹህ ነበር፤ በቀኑ ተሰፋ። ወይዘሮ ጽጌ እጄን ስመው መረቁኝ። ዮናስ በሁለተኛው ሳምንት ሞተ።

ደብተሩን ሳሳያቸው ሐኪሙ፣ «በሁለት ልጅ ምንም አይታወቅም» ብለው መለሱልኝ።

የዮናስ እናት አልማዝ የኔ እኩያ ነበረች። ከለምለም ጎን ከነበረው አልጋው ላይ ልብሱን ስትሰበስብ አገዝኳት።

«ለእሷ ይሻላል ስትያቸው ከዚህ ሆኜ ሰምቻለሁ» አለችኝ፤ ቁጣ የለባትም። «ለኔስ ለምን አልነገርሽኝም?»

የማላውቀውን ነው የተናገርኩት ማለት አቃተኝ። ሹራቡን አጥፌ ሰጠኋትና ወደሚቀጥለው አልጋ ሄድኩ።

ለዓመታት የወንድሜ ሐዘን አደንዝዞኝ ነው እል ነበር። አሁን አሁን ሰበብ ይመስለኛል።

ሰናይትን «አላውቅም፤ መጣሁ፣ አብረን እንጠይቃቸው» አልኳት። ወጣቱ ሐኪም ወንበር ስቦ በደንብ አስረዳን፤ እሷም እፎይ አለች። እኔ ግን እሱ ሲናገር ዓይኔ ከጎን ያለው አልጋ ላይ ነበር፤ ማን እየሰማ እንደሆነ ለማየት።