የአያ ገብረ ጻድቅ በሶ በሁለት መንግሥታት ፊት

አያ ገብረ ጻድቅ ስንት ቀፎ እንዳላቸው የሚያውቁት እግዜርና ንቦቹ ብቻ ናቸው። የግብርና ባለሙያ መዝገብ ይዞ ደጃቸው ድረስ ሄዶ ሲጠይቃቸው «ኧረ ምን ቀፎ አለኝና» ይላሉ። ይህን ሲሉ ጆሯቸው ላይ ሁለት ንብ ተቀምጧል። ባለሙያውም «ቀፎ፦ የለም» ብሎ ይጽፍና አንድ ዓይኑ አብጦ ሰቆጣ ይገባል።

ውሸታም ሆነው አይደለም። በሰቆጣ ዙሪያ እንደ እሳቸው ቃሉ የሚታመን ሰው ጥቂት ነው። ግን የሚበላ ነገር አይታይም፣ አይቆጠርም፣ አይወራም። ዓይን አለ። ዓይን ያረፈበት ቅቤ ይሻግታል፣ ዓይን ያረፈበት ሕፃን ጡት ይተፋል። ይህን በዋግ የማያውቅ የለም። አያ ገብረ ጻድቅ ግን ያጠብቁታል፤ ምሳ ሲቀርብ በር ዘግተው የድመቷንም ፊት ወደ ግድግዳ ያዞራሉ እየተባለ ይታማሉ።

እኒህ ሰው ናቸው እንግዲህ ከሁለት መንግሥታት ጋር የተገናኙት።

ነገሩ የመጣው በልጃቸው በማስተዋል ነው። ማስተዋል ጅቡቲ ከገባች አምስት ዓመቷ ነው፤ እዚያው አንድ የከባድ መኪና ሾፌር አግብታ ወንድ ልጅ ወለደች። ስልክ ደወለች። ልጁ በአርባ ቀኑ፣ እሑድ ማለዳ፣ ክርስትና ይነሣል። ከባሏ ወገን ሰባት ሰው ይቆማል፣ ከእሷ ወገን አንድም። «አባዬ፣ አንድ ሰው እንኳ ካልቆመልኝ ከመሬት የበቀልሁ ነው የምመስል» አለቻቸው። አያ ገብረ ጻድቅ ስልኩን ሲዘጉ ፓስፖርት የሚወጣበትን ቢሮ እየጠየቁ ነበር።

ስንቁን ያሰናዱት ባለቤታቸው እማማ ጥሩሐረግ ናቸው። ከደሃና ወረዳ ገብስ የተፈጨ በሶ በጆንያ፣ ነጭ ማር በጀሪካን፣ ቅቤ በቅል፣ በሳምንቱ ለሚደገሰው የክርስትና ድግስ ጠላ መጥመቂያ ደግሞ የተወቀጠ ጌሾ። ጌሾው በፌስታል ተጠቅልሎ ከበሶው ሆድ ውስጥ ተቀበረ። ማሩ በብርድ ልብስ ተጠመጠመ። ዓይን እንዳያልፍ በየአፉ ላይ ነጭ ሽንኩርትና የጤናዳም ቅጠል ታሰረበት። እማማ ጥሩሐረግ በመጨረሻ አንድ ነገር አሳሰቡ፤ ማንም ቢጠይቅ ባዶ ነው ይባል።

አሁን ሌላውን ወገን እንይ። በዚያው ወር ሁለቱ ጎረቤት መንግሥታት አደንዛዥ ዕፅን በጋራ ሊዋጉ ተስማምተው ድንበሩ ላይ የጋራ ፍተሻ አቋቁመዋል። አራት ፖሊስ ከዚህ፣ አራት ፖሊስ ከዚያ፣ አንዲት ውሻ ደግሞ ከሁለቱም። ለሦስት ቀን ሠልጥነዋል። የተማሩትም ይህ ነው፦ አዘዋዋሪ ሲጠየቅ «ምንም አልያዝኩም» ይላል፤ ደረቅ ቅጠሉን ዱቄት ውስጥ ይቀብራል፤ የውሻን አፍንጫ ለማሳሳት ኃይለኛ ሽታ ያለው ነገር ይጨምራል። አያ ገብረ ጻድቅ በሥልጠናው ከፊተኛው ወንበር ተቀምጠው የተከታተሉ ይመስል አንድም አላጎደሉ።

ቅዳሜ ጧት ከአውቶቡስ ወረዱ። ከእኛ በኩል ሳጅን ኤደን የምትባል መርማሪ ነበረች፣ ከወዲያ በኩል ደግሞ አያ ገብረ ጻድቅ ስሙን ሊይዙት ያልቻሉት አንድ መኮንን። ሲያወሩ «ረጅሙ» ነው የሚሉት። እንደ እሳቸው አነጋገር ከሆነ ቆቡን ለማየት መንጋጋን በእጅ ደግፎ ማንጋጠጥ ያስፈልጋል።

«አባባ፣ ምን ይዘዋል?» አለች ሳጅን ኤደን።

«ምንም።»

«ጆንያው ውስጥስ?»

«ባዶ ነው።»

ባዶውን ጆንያ ሁለት ፖሊሶች አነሡት፤ አንደኛው ወገቡን ይዞ ቀረ። ውሻዋ ቀርባ ሦስት ጊዜ አነጠሰች። ማነጠስ ደግሞ ሥልጠናው ውስጥ የለም። ሁለቱ ወገኖች ማነጠስ ጥቆማ ነው አይደለም እያሉ በሦስት ቋንቋ ተከራከሩ። ክርክሩ ሲያልቅ ጆንያው ተከፈተ፤ በሶው ተበረበረ፤ ከሆዱም ቅጠል ወጣ።

ያን ጊዜ አንድ የጫት መኪና ክላክሱን እያምባረቀ በአጠገባቸው አለፈ፤ ፖሊሶቹም መንገድ ለቀቁለት። አያ ገብረ ጻድቅ ወደ መኪናው አዩ፣ ወደ ጌሿቸው አዩ፣ እንደገና ወደ መኪናው አዩ። ያኛው ፈቃድ ያለው መሆኑ ተነገራቸው።

ሳጅን ኤደን የጠላ ቤት ልጅ ስለሆነች ጌሾውን በጠረኑ ለየችው። ግን ምን ያደርጋል። በስምምነቱ መሠረት አንዱ ወገን ብቻ ያወቀው ነገር እንዳልታወቀ ይቆጠራል፤ ረጅሙ ደግሞ ጌሾ የሚባል ነገር ከተፈጠረ ጀምሮ አይቶ አያውቅም። እንዳይመረመር መሣሪያው ከዚህ ማዶ ነው፣ ፈሳሹ ከዚያ ማዶ፣ ሁለቱን አገናኝቶ ማንበብ የሚችለው ባለሙያ ስለ ትብብር ሊሠለጥን ሌላ አገር ሄዷል። ሰኞ ይመለሳል። እስከዚያ ዕቃውም ባለዕቃውም እዚህ ይቆያሉ።

ክርስትናው ነገ ማለዳ ነው።

አያ ገብረ ጻድቅ ግራ ገባቸው። ግራ ሲገባቸው ደግሞ ሳይታወቃቸው ወደ ኽምጣኛ ይሻገራሉ። ፎርሙ ላይ የአማርኛ፣ የፈረንሳይኛና የዐረብኛ ቦታ እንጂ የኽምጣኛ ስለሌለ፣ ለአንድ ሩብ ሰዓት ያሉት ሁሉ «ተጠርጣሪው መልስ አልሰጠም» ተብሎ ተመዘገበ። ወደ አማርኛ ሲመለሱ ግን የተናገሩት ስለ እስር አልነበረም። ይቆጥሩ ነበር። ስምንት ፖሊስ፣ አንድ ውሻ፣ በድምሩ ዐሥራ ስምንት ዓይን፤ ሁሉም የልጅ ልጃቸው ክርስትና ላይ አርፏል። ለዚህ በአገራቸው መድኃኒቱ አንድ ነው። ያየ ይቀምሳል። የቀመሰ ሰው ዓይን አይጎዳም።

በኤግዚቢት የተያዘ ነገር መቅመስ በሁለቱም አገር ሕግ ክልክል መሆኑን ሳጅን ኤደን በትሕትና አስረዳቻቸው። ምናልባትም ሁለቱ ሕጎች ቃል በቃል የሚገጥሙት እዚህ ላይ ብቻ ነው።

አያ ገብረ ጻድቅ ተነሥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ እኔን እሰሩኝ። እናንተ ግን ሳትቀምሱ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አትሉም።»

ከዚያ በኋላ ላንድ ሰዓት ያህል ማን ማንን እንዳሰረ በውል አልታወቀም። ስምንቱ ፖሊሶች ውስጥ ናቸው፣ እስረኛው ከነበትራቸው በሩ ላይ። ውጭ አውቶቡሱ ጡሩንባ ይነፋል። ውሻዋ ጆንያው ሥር ተኝታለች።

ረጅሙ ሽማግሌው ምን እንደሚሉ ጠየቀ። ሳጅን ኤደን ዓይን የሚለውን እንዴት እንደምታስረዳው ጨነቃት፤ በስተመጨረሻ ጣቷን ዓይኗ ላይ፣ ቀጥሎ በሶው ላይ፣ ቀጥሎ ሕፃን እንዳቀፈች አድርጋ ክንዷ ላይ አሳየችው። ረጅሙ ቆቡን አወለቀ። ብዙ ነገር ተናገረ፤ አስተርጓሚ ሆኖ የተጠራው የአውቶቡሱ ሾፌር አሳጠረው።

«እናቴም ወተት ስትልክ በጨርቅ ሸፍና ነበር ይላል። መንገድ ላይ ያየው ሰው ሳይጎነጭ አያልፍም ነበር።»

ከዚያ ረጅሙ እጁን ታጠበ።

አያ ገብረ ጻድቅ ቅሉን ፈቱ፣ ጀሪካኑን ከፈቱ፤ በሶውን በማርና በቅቤ አሽተው ጭብጦ አደረጉት። ስምንቱም ቀመሱ። ሁለተኛም ቀመሱ፤ ዓይናቸው ጠንካራ ሳይሆን አይቀርም። ለውሻዋም ደረሳት። ረጅሙ በመጨረሻ ከጌሾው ቆንጠር አድርጎ አፉ ውስጥ ጣለና ፊቱ ኩምትር አለ። ይህን ለደስታ ብሎ የሚቅም ሰው ከተገኘ መታከም እንጂ መታሰር የለበትም አለ፤ ሾፌሩም ተረጎመው። ቃለ ጉባኤው ላይ «በሁለቱ ወገኖች የጋራ የመስክ ምርመራ ተደርጎ ምግብ መሆኑ ተረጋግጧል» ተብሎ ተጻፈ። ጌሾው ግን አንዴ ቁጥር ስለተሰጠው ለምርመራ እዚያው ቀረ። የተረፈውን በሶ ረጅሙ ራሱ በነጠላ ሸፍኖ አሠረላቸው፤ ቋጠሮው ላይም የሁለቱ አገር ማኅተም አረፈ።

አያ ገብረ ጻድቅ እሑድ ማለዳ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ነበሩ። በአንድ በኩል ሰባት ሰው ቆሟል። በማስተዋል በኩል አንድ ሰው፣ ጢሙ በበሶ እንደ ነጣ። ለጠላው ጌሾ ስላልነበረ የሳምንቱ ድግስ በለስላሳ ተወጣ። ልጁ ዛሬ ጉንጩ ዓይኑን እስኪሸፍን ወፍሯል ይባላል፤ አያቱ እንደሚሉት ከሆነ ሁለት መንግሥት የቀመሰለት ሕፃን በዓለም ላይ እሱ ብቻ ነው።

ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን አያ ገብረ ጻድቅ ወደ ሻይ ቤታችን ብቅ አሉ፤ በእጃቸው በዞን በኩል የመጣ ደብዳቤ ይዘዋል። አነበብንላቸው። የቅጠሉ ናሙና ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ሲመላለስ ስላለቀ፣ ውጤቱን በጋራ ለመወሰን ይቻል ዘንድ ተጨማሪ ጌሾ እንዲልኩ ሁለቱ ወገኖች በአክብሮት ይጠይቃሉ ይላል።

ሸፍነው ይላኩት ወይስ ገልጠው፣ ሻይ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ቢሸፍኑት እንደገና አዘዋዋሪ ሊባሉ ነው። ቢገልጡት ደግሞ ከዚህ እስከዚያ ስንት ቢሮ፣ በየቢሮው ስንት ዓይን። አያ ገብረ ጻድቅ ክርክራችንን እስከ መጨረሻው ሰምተው ገልጠው እንደሚልኩት ነገሩን፤ ያየው ሁሉ የሚቀምሰው በሶም አብረው ይልካሉ። ቤት እማማ ጥሩሐረግ ገብሱን መቁላት ጀምረዋል። የጨነቃቸው የበሶው ልክ ነው።

«እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ሁለቱ መንግሥታት ሲደመሩ ስንት ሰው ይሆናሉ?»