እስቲ ቁሚልኝ

ከትምህርት ቤት የምመለሰው እግሬ አልቆ ነበር። መሐል ሜዳ ከተማ፣ በዚያ በመንዝ ብርድ፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ ስትንጎራደድ የዋለች መምህርት ቤቷ ስትገባ የምትመኘው መቀመጥን ብቻ ነው። የእኔ ባለቤት ግን ገና የግቢውን በር ገፋ ከማድረጌ፣ ካቡ ሥር ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሞተር መጋዙን አጋድሞ፣ ካቻቢቴውን በእጁ ይዞ ቁጢጥ ብሎ ይጠብቀኛል።

"መጣሽ? እስቲ ቁሚልኝ" ይላል።

ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ እንዳንጠለጠልኩ እቆማለሁ። እሱ ገመዱን ስቦ ሞተሩን ያስነሳል፤ ጋዙን እስከ መጨረሻው ይይዝና ካርቡራተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በጥቂት በጥቂቱ ያዞራል። ዓይኑ ብሎኗ ላይ አይደለም፤ እኔ እጅ ላይ ነው። ድምፁ ቀጥኖ መጮኽ ሲጀምር እጄን ከፍ፣ ሲንተባተብ ዝቅ፣ ልክ ሲሆን ደግሞ መዳፌን ደረቴ ላይ አደርጋለሁ። ያን ጊዜ ሞተሩን ያጠፋና "ተባረኪ" ይለኛል። እኔም ወደ ቤት ገብቼ ጫማዬን አወልቃለሁ።

ዘመኑ ሚሌኒየሙ ሊከበር ነው እየተባለ የሚወራበት ነበር። በየገጠሩ የሣር ክዳን በቆርቆሮ እየተተካ ስለነበር ሰው ሁሉ ቋሚና ማገር ይፈልጋል። ባለቤቴ ወጣትነቱን በሁለት ሰው በሚጎተት የእጅ መጋዝ ግንድ ሲሰነጥቅ የጨረሰ ሰው ነው። ሞተር መጋዙን ከአዲስ አበባ ሲያመጣ ከአውቶቡስ የወረደው የገዛ ጋቢውን አውልቆ ለሞተሩ አልብሶ ነው። ለእኔ እንዲህ ደርቦልኝ አያውቅም።

ሞተሩ ግን መንዝ ሲደርስ ታመመ። አዲስ አበባ ሲሞከር ደህና ይሠራ የነበረው፣ እኛ ዘንድ ሲነሳ ጭስ ይተፋል፤ ግንድ ውስጥ ሲገባም ትንፋሽ አጥሮት ይጠፋል። ባለቤቴ ቤንዚኑን ጠረጠረ፣ ካንዴላውን ቀየረ፣ ሻጩን ረገመ። ኋላ ላይ ነው የገባው። የእኛ አገር ከፍታ አየሩን ያሳሳዋል፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ስለዚህ ያቺ ብሎን ወደ ቀኝ ጠበቅ ማለት አለባት። ከመጠን በላይ ከጠበቀች ደግሞ ሞተሩ ቤንዚን አጥቶ በቀጭኑ ይጮኻል፣ ይግላል፣ ውስጡ ይቃጠላል። ጓሳ ደጋው ጥግ ላይ የተስተካከለው ወደ ቆላ ሲወርድ እንደገና መላላት አለበት። በመጥበቅና በመላላት መካከል አንድ ልክ አለ፤ እሱም የሚታወቀው በጆሮ ነው።

ለማስተካከልም ቀን ይመረጣል። በእኛ አገር በበዓል ቀን በስውር ቢቆፈር ምናልባት አንድ ጎረቤት ያይ ይሆናል፤ ሞተር መጋዝ ሲነሳ ግን ሸለቆው በሙሉ ይሰማል። ከካቡ ማዶ ያሉት እማማ ደግሞ ከወሩ ውስጥ የትኛው ቀን የማን እንደሆነ ከቄሱ በላይ ያውቃሉ። አንድ ቀን ሞተሩ ገና ከመነሳቱ በካቡ ላይ ብቅ አሉ።

"አንተ ልጅ፣ ዛሬ እኮ ባለወልድ ነው" አሉት።

"አንድ እንጨት አልነካሁም እኮ እማማ፣ እያስተካከልኩት ነው። ይሄ ደግሞ ሥራ ነው እንዴ?"

"ከጮኸማ ሥራ ነው።"

ባለቤቴ ሞተሩን አጠፋ። እንግዲህ ከበዓላቱ፣ ከቅዳሜና ከእሁድ የተረፉት ቀኖች ለእኔ የማስተማሪያ ቀኖች ናቸው። እሱ የእኔን መምጣት፣ እኔ የእሱን መጨረስ ስንጠብቅ ያ ሁሉ ምሽት አለፈ።

ጆሮው መቼ እንደሄደ አላውቅም። መጀመሪያ ሰሞን "ጥጥ ድፈንበት" ብዬው ነበር።

"ከደፈንኩትማ እንዴት አድርጌ እሰማዋለሁ?" አለኝ።

ሞተሩን ለመስማት ሲል ጆሮውን ክፍት አድርጎ ሰጠው፤ ሞተሩም ወሰደው። ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ያወቅሁት አንድ ከሰዓት በኋላ ቤት ቁጭ ብዬ የተማሪ ደብተር ሳርም ነው። ሞተሩ በቀጭኑ፣ ጥርስ በሚያፋጭ ድምፅ ይጮኻል። ያስተካክለዋል ብዬ ብጠብቅ ጩኸቱ እንደዚያው ቀጠለ። ስወጣ ባለቤቴ ደስ ብሎት ፈገግ ብሏል።

"አሁን ልኩን አገኘ" አለኝ።

"እየጮኸ ነው እኮ፤ ሊቃጠል ነው" አልኩት። ዓይኑን ከከንፈሬ ላይ አልነቀለም። ከዚያ ብሎኗን ትንሽ አላላና እንደገና አየኝ። ሌላም ትንሽ አላላ። ደህና ሲሆን አንገቴን ነቀነቅሁለት። ከዚያ ቀን ወዲህ "ቁሚልኝ" የሚለው ነገር መጣ። ስለ ጆሮ አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም።

እኔ ዝምተኛ ሴት አይደለሁም። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከደወሉ ይልቅ የኔ ድምፅ ይሰማል እየተባለ ይቀለድብኝ ነበር። ቤት ውስጥ ደግሞ "ጨው አምጣልኝ" ብዬ ሦስቴ ስናገር የማይሰማኝን ሰው ትከሻውን መነቅነቅ ለመድኩ። ያ አላስጨነቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ዛፉ ነበር። ገና ስንጋባ እሱ ራሱ ነው ያስተማረኝ፤ ዛፍ ከመውደቁ በፊት ይናገራል፤ ከውስጡ ሲሰነጠቅ ድምፅ ያሰማል፤ ቆራጭ ያን ሲሰማ ያለ የሌለውን ጥሎ ዞር ይላል። ታዲያ የማይሰማ ሰው ምን ብሎ ዞር ይበል? እኔ ምሽት ምሽት እየቆምኩ ሞተሩን ባስተካከልኩለት ቁጥር፣ እሱ ጠዋት ተነስቶ ወደ ዛፍ ሥር ይሄዳል። ባልቆምለት ሞተሩ ይቃጠልና እሱም መሄዱን ይተዋል። ይህን እያሰብኩም እቆም ነበር። ያቺን መጋዝ ተሸክሞ በገበያው መሐል ሲያልፍ ሰው "ባለ ሞተሩ" እያለ ሲጠራው ፊቱ ላይ የማየውን ነገር ለመንጠቅ አቅም አልነበረኝም።

የዓመቱ አጋማሽ ፈተና አልቆ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ መርሐቤቴ ቆላ ወደ ጀማ ወንዝ ገባ ብሎ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ላከብን። ከቤቱ ጀርባ ያለውን ትልቅ ዋንዛ ለበርና ለመስኮት ሊያውለው ፈልጓል። ባለቤቴ "አብረን እንውረድ፣ ወንድምሽንም ታይዋለሽ" አለኝ። ለምን እንዳስፈለግሁ ሁለታችንም እናውቃለን። ዕረፍት ነው ብዬ ልተኛበት ያሰብኩትን ሳምንት በቁልቁለት ጨረስኩት። ሞተሩን በአህያ ጭነን፣ የቤንዚኑን ጀሪካን እየተቀባበልን ወረድን። የለበስኩትን ሹራብ መንገድ ላይ አወለቅሁ። ወንድሜ ቤት ስንደርስ መጀመሪያ የጠየቅሁት መቀመጫ ነው።

በማግስቱ ዋንዛው ሥር ሞተሩ ሲነሳ፣ እንደ ፈራሁት፣ የመንዙን ልክ ይዞ ስለወረደ ጩኸቱ ጆሮ ይበሳል። እጄን ከፍ አደረግሁ። ባለቤቴ ብሎኗን ወደ ግራ እያላላ፣ እኔ እያዳመጥኩ፣ ልኩን አገኘን። ወንድሜ ይህን ሁሉ ቆሞ ሲያይ "እትዬ፣ መካኒክ ሆነሽ የለም እንዴ?" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። መዳፌን ደረቴ ላይ አሳረፍኩ።

ዋንዛው ከላይ ሲያዩት ጤነኛ ነው፤ ውስጡን ግን ምስጥ በልቶታል። ባለቤቴ ዛፉ ወደዚያ እንዲወድቅ በሜዳው በኩል አፍ ከፈተለት፣ ከዚያ በጀርባው ዞሮ ቆረጠ። መጋዙ እንዳይያዝበት ሞተሩን አጠፋና ሽብልቅ አስገብቶ በምሳር ጀርባ ይመታ ጀመር። እኛ ራቅ ብለን ነበር የቆምነው። ሞተሩ ሲጠፋ ቦታው ጸጥ አለ፤ የወንዙ ድምፅ እንኳ ይሰማ ነበር። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ዛፉ ተሰነጠቀ። ከሥሩ የመጣ ደረቅ፣ ረጅም ድምፅ ነው። ቅርንጫፉ ላይ የነበሩት ወፎች ተነሱ።

ባለቤቴ ምሳሩን አነሳና ሽብልቁን መታ።

ስሙን ጠራሁ። ደግሞ ጠራሁ። ወንድሜም "ጋሼ! ጋሼ!" እያለ ተጣራ። ልሮጥ ስል ወንድሜ በሁለት እጁ ወገቤን ይዞ አስቀረኝ። ከዚያ በኋላ ያወጣሁት ጩኸት የሰው ስም አልነበረውም። እሱ ጀርባውን ሰጥቶን ሽብልቁን ይመታል፤ በረጋ መንፈስ፣ እቤቱ ደጃፍ ላይ ያለ ያህል። ዛፉ ሲዞር ያየው በዓይኑ ነው፤ ከላይ ቅጠል ረገፈበትና ቀና አለ። ምሳሩን ጥሎ፣ መጋዙን ይዞ ወደ ጎን ተስፈነጠረ። ግንዱ መሐሉ ላይ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ግማሹ ወደ ኋላ ተወርውሮ እሱ ቆሞበት የነበረውን መሬት አረሰው።

አቧራው ሲበርድ ሱሪውን እያራገፈ መጣ። ይስቅ ነበር፤ የድንጋጤ ሳቅ። የእኔን ፊት ሲያይ ሳቁን ተወ።

"ጠርተሽኝ ነበር?" አለኝ።

"አንዴ" አልኩት። "ሞተሩን ከማጥፋትህ በፊት።"

"እንደዚያ ነው፤ ሞተሩ ሲሠራ አይሰማም" አለ። ወንድሜ መሬት መሬቱን አየ። ድምፄ ተዘግቶ ነበር። "አንዴ" ያልኩት ቃል ከጉሮሮዬ የወጣው ተቆራርጦ ነው፤ ጆሮ ያለው ሰው ሁሉ ውሸቴን እዚያው ያውቅብኝ ነበር። ባለቤቴ ግን ከንፈሬን ብቻ አይቶ አመነኝ። ያን ቀን ያለቀስኩት ከዛፉ የተነሳ ሳይሆን በዚህ ነው፤ ወንድሜ ቤት ጓዳ ገብቼ።

መመለሻው ዳገት ነው። እየወጣን፣ እያረፍን፣ ሳንነጋገር ተመለስን። ባለቤቴ ዝምታዬን የድካም ነው ብሎ ያዘው፤ ድካምም ነበረብኝ።

ቤታችን ከገባን በኋላ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ካቡ ሥር ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ሞተሩን አጋድሞ ጠበቀኝ። ከቆላ ስለመጣ ብሎኗ እንደገና መጥበቅ አለባት። ሌላ ሰው ባሕር ዛፍ ይቆረጥልኝ ብሎ ቀጥሮታል።

"እስቲ ቁሚልኝ" አለ።

ቆምኩ። ሞተሩ ተነሳ፣ ጭሱ ግቢውን ሞላው። እጄን ዝቅ አድርጌ ሳለሁ እማማ በካቡ ላይ ብቅ አሉ። ባለቤቴ በአክብሮት ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ጋዙን ለቀቀው፤ ሞተሩ በሚኒሞ፣ በዝቅተኛው ዙሩ፣ ዱክ ዱክ ይላል።

"እንኳን ደህና ገባችሁ! ወንድምሽ እንደምን አለልሽ?" አሉኝ።

"ደህና ነው፣ እማማ" ለማለት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ድምፅ አልነበረም፤ ሻካራ ትንፋሽ ነው።

የእማማ ፊት ተለወጠ። በእኛ አገር የሴት ድምፅ እንዲህ ተሟጦ የሚያልቀው ለቅሶ ላይ ነው፤ ሙሾ ስታወርድ የሰነበተች ናት እንዲህ የምትናገረው። እማማ ሌላ ነገር ለመጠየቅ አልቆዩም። እጃቸውን ወደ ነጠላቸው ሰደዱና ጥለቱን ወደ ላይ መልሰው አዘቀዘቁት። "እኔን ይድፋኝ፣ ማንን ቀብራችሁ መጣችሁ?" አሉ።

ባለቤቴ ያሉትን አልሰማም። ነጠላውን ግን አየ። ሞተሩን አጠፋና ብድግ አለ።

"ማን ሞተ?" አለኝ።

"ማንም አልሞተም።"

"ታዲያ እማማ ለምን አዘቀዘቁ?"

መሸሻ ፈለግሁና አጣሁ። ደከመኝም። "ድምፄን ሰምተው ነው" አልኩት፣ ከንፈሬን ግልጽ አድርጌ። "ተዘግቷል። ከዋንዛው ቀን ጀምሮ።"

ጉሮሮዬን አየው፤ ድምፅ በዓይን የሚታይ ይመስል። ከዚያ እማማን አየ፤ እሳቸው ነገሩ ግራ ገብቷቸው፣ ነጠላቸውን ለመመለስም ለመተውም ቸግሯቸው እንደ ቆሙ ነበር። ባለቤቴ ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና ካቻቢቴውን ድንጋዩ ላይ፣ ከመጋዙ አጠገብ አኖረው።

"ስንት ጊዜ ነው የጠራሽኝ?" አለኝ።

"አልቆጠርኩም።"

ቦርሳዬን ከትከሻዬ ላይ አወረደልኝ፤ ሞተሩን ከድንጋዩ ላይ አንስቶ መሬት አስቀመጠ፤ ድንጋዩንም በእጁ ጠረገው።

"በቃ፣ ተቀመጪ" አለኝ።