ለሁለት ቤት የተካፈለ ኪኒን

ሐይቅ የተመደብኩት በለውጡ ሰሞን ነው። ሰው ሁሉ ስለ ለውጥ በሚያወራበት በዚያ ጊዜ ከአርሲ ሻንጣዬን ይዤ መጣሁና፣ ከጤና ጣቢያው ጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል የአእምሮ ሕሙማንን መከታተል ጀመርኩ። ሰው ክፍሏን “የእብድ ክፍል” ይላታል። ስንት ጊዜ ተቆጣሁ። ስሟ ግን ያው ነው።

ከታካሚዎቼ መካከል ዓረብ አገር ሁለት ዓመት ሠርታ የተመለሰች አንዲት ልጅ ነበረች። መጀመሪያ ያመጧት ቀን ሁለት አጎቶቿ ግራና ቀኝ ይዘዋት ነበር። “ማዳም ጠራችኝ” እያለች ልትሮጥ ትታገላለች። ሃሎፔሪዶል ጀመርንላት፤ በየማታው አንድ ኪኒን። እናቷ ማንበብ ስለማይችሉ ፖስታው ላይ ጨረቃ ሣልኩላቸው። እኚህ ሴት አንድም ቀጠሮ አላዛነፉም። ኪኒኑን በጀመረች በስምንተኛው ወር ልጅቱ ሐይቁ ዳር ዓሣ ጠብሳ መሸጥ ጀመረች። አንድ ረቡዕ በዚያ ሳልፍ ካልቀመስሽ ብላ ያዘችኝ። ጾም ነው አልኳት።

“ሲስተር፣ ያንቺ ጾም ግን መቼ ነው የሚያልቀው?” ብላ ሳቀችብኝ። የዚያን ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም። የታመመ ሰው ቀልድ ሲጀምር እንደ መዳን ነው የምቆጥረው።

ከነሱ ጋር አጥር የሚጋሩ አንድ ክርስቲያን ገበሬ ነበሩ። ወንድ ልጃቸው ያው የሷ ዓይነት ሕመም አለበት፣ የሚወስደውም ያንኑ ኪኒን ነው። አባትየው ግን ጸበል የያዘ ሰው ኪኒን አይውጥም እያሉ መሀል ላይ ያስቆሙታል። እኔም ጸበል የምጠመቅ ሰው ነኝ። ሁለቱ አይጣሉም፣ ጸበሉንም ያስጠምቁት ኪኒኑንም ያስውጡት ብዬ ስንት ለመንኳቸው። እኔ ሐይቅ ከተመደብኩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለንግሥ ግሸን ይዘውት ወጡና ቀጠሯቸውን ሳምንት አሳለፉ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ግሸን መሄድ አምሮኝ፣ ታካሚ ይመጣል ብዬ ነበር የቀረሁት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ተቀየምኳቸው።

ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ ቀረበ። መንገዱ ሊዘጋ ነው ተባለ። ደንባችን ከአንድ ወር በላይ እንዳንሰጥ ነው። እኔ ግን ደንቡን ጥሼ ለልጅቱ የሦስት ወር ሰጠሁ። ለገበሬው ልጅ የአንድ ወር ብቻ። ለሚያስውጥ ሰው መስጠት ይሻላል፣ እሳቸው ጋ ሄዶ ከሚባክን ብዬ ነው። ያኔ ጥንቃቄ ነበር የመሰለኝ።

ከተማው ሊያዝ ሲል እንደ ሰዉ ሁሉ በእግራችን ወጣን። ተመልሰን ስንገባ የመድኃኒት መደርደሪያው ባዶውን ቆሟል፣ የታካሚዎቼ ካርድ ወለሉ ላይ ተረግጦ ጭቃ ሆኗል። በሳምንቱ፣ ከቤታቸው ሳይወጡ የከረሙት እናትየው ልጃቸውን ይዘው መጡ። የልጅቱ ሻርፕ ትከሻዋ ላይ ወርዷል፤ ከንፈሯ ሳያቋርጥ ይንቀሳቀሳል፤ እኔን አልፋ ግድግዳውን ታያለች። ፖስታውን ተቀብዬ የቀረውን ቆጠርኩት። የአሥር ቀን መትረፍ ነበረበት፤ የአሥር ቀን ተርፏል። ቁጥሩ ልክ ሆኖ ልጅቱ እንዲህ መሆኗ ግራ ገባኝ።

“በየማታው አስውጠዋታል?” አልኳቸው።

“በየማታው አንድ አንድ ወጥቷል። የወሩ ኪኒን ለነዚያ ካለቀ ወዲህ አንድ ማታ ለሷ፣ አንድ ማታ ለጎረቤቴ ልጅ።”

ኪኒን ያስቆሙ የነበሩት ገበሬ፣ ልጃቸው ሲብስበት፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ አጥሩ ጋ ይመጣሉ፤ እናትየው በእጃቸው ያቀብሏቸዋል። ሁለት ወር ሊሞላ የቀረው አሥር ቀን ነው። እንዲህ በመሆኑ ለሁለቱም የሚበቃ መድኃኒት በደማቸው አልነበረም። ልጁም ከቤቱ ምሰሶ ጋር ታስሮ እንደሚውል ነገሩኝ። ስቆጣ ድምፄ ከበር ውጭ ይሰማ ነበር። መድኃኒት እንደ ሽሮ አይካፈልም አልኳቸው፣ ልጅዎን በገዛ እጅዎ አሳመሟት አልኳቸው። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። እሳቸው አልተቆጡም።

“የሰው ልጅ ታስሮ አጥር ለአጥር ሲጮህ የኔዋ ተኝታ ብታድር፣ ወላሂ አላህ ይወድልኛል?”

ያ ልጅ የታሰረው እኔ በቅያሜ ባስቀረሁበት የሁለት ወር ኪኒን ነው። እኚህ ሴት ያካፈሉት የኔን ጥፋት ነበር። ለሳቸው ግን ይህን አልነገርኳቸውም። ነገሩን የተናገርኩት ለንስሐ አባቴ ነው፤ ያም ቢሆን ብዙ ቆይቼ።

ከዚያ መድኃኒት ፍለጋ ጀመርኩ። ጻፍኩ፣ ደወልኩ፣ ደሴ ድረስ ሄጄ ከበር ተመለስኩ። የእርዳታ መኪና ሲራገፍ ካርቶን አገላብጣለሁ፦ ፋሻ ነው፣ ግሉኮስ ነው፣ የወባ ነው። ቁስለኛ እያለ ይህ ይቆይ ይሉኛል። የተጎዳ እግር ሁሉም ያያል። የኔ ታካሚዎች ግን ደም አይታይባቸውም፣ ተራቸውም መቼም አይደርስም። በመጨረሻ ሌላ ወረዳ የምትሠራ ጓደኛዬ ከዚያው ኪኒን አንድ ትንሽ ብልቃጥ በሰው ላከችልኝ። ይህን ኪኒን ከሚወስዱት መካከል ተመልሰው የመጡት ሁለቱ ብቻ ስለነበሩ፣ ለሁለቱም ለወር ያህል ይበቃል። በሁለት ከፍዬ የሁለት የሁለት ሳምንት ሰጠሁና ቀሪውን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩ። ገበሬው ቀና ብለው ሳያዩኝ ተቀበሉ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ሰጠኋቸው። እናትየውን ደግሞ ከእንግዲህ ለማንም እንዳይሰጡ አጥብቄ አሳሰብኳቸው። ቃል ግን አልገቡልኝም።

“አብሽሪ፣ ኢንሻአላህ” ብለው ብቻ ሄዱ።

በሁለተኛው ሳምንት እናትና ልጅ በቀጠሯቸው መጡ። ልጅቱ ፀጉሯ ተጎንጉኖ፣ ሻርፗ ታስሮ ነው። ከንፈሯ አሁንም ይንቀሳቀሳል፣ ዓይኗ ግን እኔ ላይ አርፏል። እንደ ልማዴ ፊቴን ወደ እናትየው አድርጌ እንቅልፏን፣ ምግቧን ጠየቅሁ። የተረፈችውን ድርሻ ፖስታ ውስጥ አድርጌ ለሳቸው ስዘረጋ ልጅቱ ጣልቃ ገባች። ምላሷ ይከብዳታል፣ ቃሉን ግን አንድ በአንድ አወጣችው።

“አንቺ ለእሷ ትሰጫለሽ። እሷ ለጎረቤት ትሰጣለች። እኔን ማን ጠየቀኝ?”

እናትየው፣ ሲስተር ፊት እንዲህ ይባላል? ብለው ገሠጿት። እነዚያን ወራት ሁሉ በእናትየው ተናድጄ፣ በራሴ ተናድጄ፣ በመድኃኒት ክፍሎች ተናድጄ ነበር። ይህችን ልጅ ግን አንድ ቀን እንኳ ምን ትያለሽ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ፖስታውን ወደ እሷ አዞርኩት። ተቀበለችኝ፤ ግን ከመቀመጫዋ አልተነሣችም።

“የጎረቤታችን ልጅ ድርሻስ አለ?”

አለ አልኳት።

“አሳዪኝ። ካላየሁ እናቴ የኔን ትሰጠዋለች።”

እናትየው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ፤ ይሳቁ ያልቅሱ አላውቅም። መሳቢያውን ከፍቼ የልጁን ፖስታ አወጣሁና አሳየኋት። ልጅቱ አንገቷን ወደ መሳቢያው አስግጋ አየች። የሱ አለ። ከሱ ሌላ ግን የመሳቢያው እንጨት ብቻ ነበር። ለሚቀጥለው ቀጠሮ የሚሆን እንደሌለም አየች። ቀና ብላ አየችኝና፣ የራሷን ፖስታ ደረቷ ውስጥ ከትታ ወጣች።