የጥማድ በሬ ገበያ በለንደን

ከመካነ ሰላም የወጣሁት በአንድ የገበያ ቀን ምሽት፣ ወደ ደሴ በሚሄድ የጭነት መኪና፣ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጬ ነው። የእንግሊዝ አገር የትምህርት ዕድሉን ካገኘሁ ቆይቼ ነበር፤ ሲያመነቱ የከረሙት እህል ነጋዴው አባቴ ናቸው። ሐሳባቸውን የቀየሩት በዚያው ዕለት፣ ከገበያ ሲመለሱ ነው።

«ዘይነብ፣ ተነሺ፤ ዛሬውኑ ትሄጃለሽ።»

«ምነው አባባ፣ ምን አዩ?»

«ሜዳው ከወግዲ በመጡ ገበሬዎች ጥማድ በሬ ሞልቷል። ሰው በግ ቢሸጥ ቸግሮት ነው። የሚያርስበትን በሬ ከሸጠ ግን መጪውን ክረምት አላመነውም ማለት ነው።»

በዚያው ሳምንት ሹማምንቱ አዝመራው ደኅና እንደሆነ ለበላይ አሳውቀው ነበር። ረሃቡ ሪፖርታቸውን ሳያነብ ገባ።

«አንቺ ቤት ስትይዢ እኔም እመጣለሁ፤ አብሽሪ» አሉኝ አባቴ በመኪናው መስኮት። ይህን ቃል እንደ ውል ያዝኩት።

ፓስፖርት ስጠብቅ አዲስ አበባ ከረምኩ፤ ለንደን ስደርስ ረሃባችን በቴሌቪዥን ቀድሞኝ ገብቶ ነበር። የኤርፖርቱ ሹም ፓስፖርቴን አገላበጠና ቀና አለ።

«ከኢትዮጵያ? የተራብሽ አትመስዪም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በሚቀጥለው ከስቼ እመጣለሁ።»

አልሳቀም፤ ማኅተሙን ግን መታ።

እኛ እጃችንን ዘርግተን የምንለምነውን ዝናብ እነዚህ ሰዎች ጃንጥላ ዘርግተው ይሸሹታል። ድንች ሲቀቅሉ ለምን እንደጣዱት እስኪረሱ ድረስ ይቀቅሉታል። ንጉሡ መውረዳቸውን ከአከራዬ ሬዲዮ ሰማሁ፤ የአባቴ መጋዘን መወረሱን ግን ማንም በሬዲዮ አልነገረኝም።

ከዶክትሬቱ በኋላ አንድ የኢንቨስትመንት ድርጅት በስትራቴጂስትነት ቀጠረኝ። ሥራው፣ ባለሀብቶች የትኛውን አክሲዮን መቼ ገዝተው መቼ መሸጥ እንዳለባቸው ድምፅ ሳይርድ መናገር ነው። ገበያው ሽቅብ ወጥቶ ሁሉም በሚፈነድቅበት ወቅት፣ ታላላቆቹ ኩባንያዎች ለባለአክሲዮኖቻቸው ትርፍ ለማከፋፈል የገዛ ፋብሪካዎቻቸውን እየሸጡ መሆናቸውን አስተዋልኩ።

«ሽጡ» አልኩ በጠዋቱ ስብሰባ።

«ምክንያትሽ ምንድን ነው?» አለ አለቃዬ።

«የሚያርሱበትን በሬ እየሸጡ ነው።»

ተሰብሳቢው ሁሉ ሳቀ። ገበያው ሲወድቅ ሳቁም አብሮት ወደቀ። ከዚያ ወዲህ አለቃዬ ኮቱን ሳያወልቅ «ዶክተር ዘይነብ፣ በሬዎቹ እንዴት አደሩ?» ይለኛል። ዲግሪዎቼ ያላስገኙልኝን ክብር የወግዲ ገበሬ በሬ አስገኘልኝ።

ከዚያ በኋላ ለአባቴ የሚሆን ክፍል ለመከራየት አከራዬን አነጋገርኩ።

«አባትሽ ያጨሳሉ?»

«አያጨሱም። በቀን አምስት ጊዜ ይሰግዳሉ።»

«ድምፅ አለው?»

«ከእርስዎ ቴሌቪዥን ያነሰ።»

ክፍሉን ሰጠችኝ። የአባቴ የመውጫ ፈቃድም ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ተገኘ። መካነ ሰላም ቴሌ ቤት አስጠራኋቸው።

«አባባ፣ ቤት ይዣለሁ። የቃልዎ ጊዜ ደርሷል።»

«አልሐምዱሊላህ! ግን ዘይኔ፣ ትናንት ገበያ ወጥቼ ነበር።»

«እና?»

«የወግዲ ሰዎች መጥተው ጥማድ በሬ ሲሻሙ ዋሉ። የሚሸጥ ጠፋ እኮ!»

ወሬው ወዴት እንደሚያመራ ገባኝ።

«ባለሙያዋ አንቺ ነሽ። ሰው በሬ በሚገዛበት ጊዜ ምን ብለሽ ትመክሪያለሽ?»

መልሱን በየሳምንቱ ለማላውቃቸው ባለሀብቶች እጽፋለሁ፤ ለአባቴ ከነገርኳቸው ግን «አይምጡ» ማለት ይሆናል።

«ግዙ፤ ከገበያው አትውጡ እላለሁ» አልኩ በመጨረሻ።

ከልባቸው ሳቁ። «በይ፣ ክረምቱን ልየው። እዚያ ዝናቡ እንዴት ነው?»

«ሁልጊዜ ይዘንባል። የሚፈልገው የለም።»

«ታዲያ ለእኛ ላኪዋ!»

የቴሌ ቤቷ ልጅ መሃል ገባች። «ጨርሳችኋል?»

«አልጨረስንም» አልኩ። መስመሩ ውስጥ የአባቴ ሳቅ ገና አላበቃም ነበር።