እትዬ ጀማነሽ ወንዙን ለእንግዳ ያሰናዱ ዕለት

እትዬ ጀማነሽ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ቂርቆስ ያለው የሰፈራችን እድር ሰብሳቢም ናቸው። ቤታቸው ገብቶ ሳይበላ የወጣ ሰው አላውቅም። ከጓሯቸው በታች በሚያልፈው ወንዝ ላይ፣ በካዛንችስ በኩል ካለ ሕንፃ የሚመጣ ቱቦ የሽንት ቤት ፍሳሽ ይለቅበታል። የልጅ ልጃቸው ማሙሽ በተቅማጥ ሆስፒታል ከተኛ ወዲህ ያላንኳኩት ቢሮ የለም። መልሱ ሁሌም "እናያለን" ነው። ምኑን ነው የሚያዩት? አፍንጫ ያለው ሰው ይበቃ ነበር።

ዘንድሮ ወንዙ ዳር የገበያ ማዕከል ሊሠራ ሆነ። የሚገነባው ኩባንያ ውኃው ተመርምሮ ተበክሎ ከተገኘ፣ ግንባታ ሳይጀምር ቱቦውን በራሱ ወጪ ወደ ዋናው መስመር ሊያዞር ፈረመ። ናሙና የምወስደዋ የላቦራቶሪ ባለሙያ እኔ ሰብሊ ነኝ፤ የእትዬ ተማሪ ነበርኩ። ደስ ብሎኝ ደወልኩላቸው።

"እትዬ፣ ለቱቦው መዞር ጉዳይ ሐሙስ ከኩባንያው ሰዎች ጋር እንመጣለን። ምንም እንዳትለፉ፤ ወንዙን እንዳለ ነው የምንፈልገው።"

"እሺ የኔ ልጅ፣ ምን ልፋት አለው" አሉኝ።

አይ የኔ ነገር። እዚህ አገር "አትልፉ" የማይል እንግዳ ማን አለ? እንዲያ ተብሎስ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ባለቤት ማን አይቷል?

ሐሙስ ስንደርስ ዳር ዳሩ ተጠርጓል። የቱቦው አፍ በማዳበሪያ ከረጢት ተወትፏል። ውኃው በረኪና በረኪና ይሸታል። የእድሩ ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል።

"እትዬ፣ ምን አደረጋችሁ?"

"እንግዳ በዚያ ግማት ይቀበሏል እንዴ? ከትናንት ጀምሮ ወገባችን ተቆረጠ እኮ።"

ሌላ ቀን ይሁን ብዬ ሞገትኩ። የኩባንያው መሐንዲስ ኢያቄም ሳቁን ዋጥ አድርጎ "በቃ፣ ቀኑን ተስማምተንበታል" አለኝ። አለቃዬም በስልክ "ያገኘሽውን ውሰጂ" አለ። ናሙናውን ቀዳሁ። ስለ ከረጢቱም ስለ በረኪናውም ሪፖርቱ ላይ ጻፍኩ፤ ማን ሊያነበው። በማን ልናደድ? በእሳቸው እንዳልናደድ፣ አስተምረው ያሳደጉኝ ሴት ናቸው።

ውጤቱ ንፁህ ተባለ። ኩባንያው ማሽኑን አስገባ። ከረጢቱ የተነሳው የዚያኑ ዕለት ማታ ነው፤ ቱቦው እንደ ልማዱ ይለቃል።

ትናንት እትዬ ደወሉ። ድምፃቸው ደስ ብሎታል።

"ሰብሊዬ፣ አለፍን አሉ። አላሳፈርንሽም አይደል? ታዲያ ቱቦውን መቼ ነው የሚያዞሩልን?"