ለልጅ የተቀባ አፈር

ስንዱን አንዲት ተራ ቀን ብዙ ታስወጣታለች። ማለዳ ልጇን አበቡን ለጎረቤቷ ለእትዬ ይመኙሽ ስትሰጥ አንድ ጭብጥ ሽሮ ይሄዳል፤ ምስጋናም ይታከልበታል፣ እትዬ ይመኙሽ ያለ ምስጋና ልጅ አይዙምና። ቀን ጭቃ ስታሽ የመዳፏ ቆዳ ይላጣል። ከቀትር በኋላ ጡቷ ሲያግት ወተቱ በቀሚሷ ላይ ይፈሳል፤ እሱም ከወጪው ነው። ማታ ለአበቡ ከእናቷ የሚተርፈው ምን ያህል እንደሆነ ግን አስልታ አታውቅም፤ ፈርታ ትተወዋለች።

ሥራዋ አፈር መፈተን ነው፣ ጣሊያን ጥሎት በሄደው መጋዘን ውስጥ። ሕንፃ ሊሠራ ሲታሰብ ከቦታው አፈር ተቆፍሮ በከረጢት ይመጣል። ስንዱ እርጥቡን ትመዝነዋለች፣ በምድጃ አድርቃ መልሳ ትመዝነዋለች፤ የጎደለው ውሃው ነው። ከቀረው ጥቂት አቡክታ በመስተዋት ላይ በመዳፏ ታንከባልላለች። ጧፍ ሲያክል የሚፈረካከስ አፈር ለመሠረት ሸጋ ነው። እየቀጠነ እየተሳበ አልሰበርም የሚል ግን ዋልካ ነው፤ ክረምት ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ የተሸከመውንም ይሰነጥቃል።

ጥቅምት ላይ ሾፌሩ አያ ነጋ ከትክል ድንጋይ ከተማ አንድ ከረጢት አፈር ይዘው መጡ።

«ይሄን ተሳልመሽ ተቀበይ» አሏት። «ትምህርት ቤቱ የሚሠራው ከጸበሉ ሥር ነው። ቆፋሪዎቹ እንኳ ጫማ አውልቀው ነው የቆፈሩት።»

«እርስዎስ አወለቁ?»

«ፍሬን በባዶ እግር አይረገጥም። እኔ ማኪናዋን አሳለምኳት።»

በዚያ ሰሞን የአበቡን ገላ ሽፍታ ወርሶት ነበር። የሐኪም ቅባት አልበጀም፤ ልጅቷ ስታክ ታድራለች። የጸበል ጭቃ ለምን እንደሚሆን ደግሞ በጎንደር ያልሰማ የለም። ስንዱ ከረጢቱን ስትፈታ ጥቁሩ ጭቃ ገና ውሃው አልለቀቀውም። ለልጇ ጀርባ ብላ ቆነጠረች። ለእግሯ ብላ ጨመረች። ለክፉ ቀን ይቀመጥ ብላ ደገመች። ቀና ስትል ከረጢቱ ከግማሽ በታች ሆኗል።

የጎደለውን ከመጋዘኑ ጓሮ በዛቀችው ደረቅ ቀይ አፈር ሞላችው፤ አሸችው፣ አዋሃደችው። ልቧ ሲከሳት፣ «የጸበል መሬት አይደለም እንዴ? እሱ ሕንፃ ያልተሸከመ ማን ይሸከማል?» ብላ አስተኛችው። በመስተዋቱ ላይ አፈሩ ቶሎ ተፈረካከሰ። የላብራቶሪው ኃላፊ አቶ ሐብተ ማርያም አይተው፣ «ሸጋ አፈር ነው፣ ጥልቅ መሠረት አያሻውም» ሲሉ አልተናገረችም።

አበቡ ዳነች።

ጉዱ ይሄ ነበር። ልጅቷ ባትድን ኖሮ ስንዱ ሞኝነቴ ነው ብላ ትረሳው ይሆናል። አሁን ግን ያንን የለሰለሰ ገላ ባጠበች ቁጥር፣ የሌላ ሰው ልጆች የሚጠጉት ግድግዳ ይታያታል። ለንስሐ አባቷ ብትናገር ስግደት ያዙላት ነበር። ግድግዳ ግን ስግደት አይሰማም።

አንድ ቀን አያ ነጋ፣ «የትምህርት ቤቱ የምሥራቅ ጎን ግድግዳ ቆመ፤ የቀረውም ሊጀመር ነው» ብለው አወሩ። ስንዱ እጇን ሳትታጠብ ወደ አቶ ሐብተ ማርያም ገባች።

«ምነው? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«የትክል ድንጋዩ አፈር ግማሹ የትክል ድንጋይ አይደለም።»

«የየት ነው ታዲያ?»

«የጓሯችን።»

«የራሱስ የት ገባ?»

«ልጄን ቀባኋት።»

አቶ ሐብተ ማርያም መነጽራቸውን አወለቁ። «ለኢንጂነሩ ምን ብዬ ልጻፍ? የመሠረቱ አፈር ለሽፍታ ዋለ ልበል?»

ስንዱ በጣቷ ላይ የደረቀውን ጭቃ ፈቀፈቀች።

«ለመሆኑ ዳነች?»

«ዳነች።»

«እሱን አልጽፍም» አሉና አያ ነጋን ሌላ ከረጢት እንዲያመጡ ላኩ። ለስንዱም፣ «ከዛሬ ጀምሮ ከረጢት የምትፈቺው እኔ ባለሁበት ነው» አሏት። መባረርን ጠብቃ ነበርና ይሄ ቀለላት፤ ስለቀለላትም አፈረች።

አዲሱን አፈር ራሷ አንከባለለችው። ጧፍ አከለ፣ አልተሰበረም። ከጧፍም ቀጠነ፤ እንደ ክር ተሳበ። የተባረከ ዋልካም ዋልካ ነው።

የቀረው መሠረት አለት እስኪገኝ ተቆፈረ። የቆመውን የምሥራቁን ግድግዳ ኢንጂነሩ አላፈረሱትም፤ ውሃ እንዳይጠጋው ቦይ አስቆፈሩለትና ክረምቱ ይለፍበትና ይታይ አሉ። ስንዱ ሥራዋን ጥላ፣ ልጇን አዝላ ሳምንት በሳምንት ትክል ድንጋይ ልትወጣ አትችልም። እናንተ የዚያ ሰዎች ግን በደጁ አልፋችሁ ገበያ ትሄዳላችሁ፣ ልጅ ታደርሳላችሁ። ስለዚህ እንዲህ ትላችኋለች፦

«ስታልፉ የምሥራቁን ግድግዳ እዩልኝ። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ብታገኙ በጭቃ አትምረጉብኝ። መጀመሪያ ልጆቹን አስወጡልኝ፤ ከዚያ መጋዘኑ ድረስ መጥታችሁ ስንዱ የታለች በሉ።»